ለእኔ አገሬ፣ ለልጆቼ ስደት

ደሴ ለእኔ የተወለድኩባት ከተማ ናት። ለልጆቼ ግን በ2015 ክረምት መግቢያ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ያዩዋት የሰው አገር ነበረች። እኔ ቤቴ ገባሁ ብዬ እፎይ ስል፣ እነሱ ገና መሰደዳቸው ነበር። ይህ የገባኝ ከብዙ ጥፋት በኋላ ነው። ከሱዳንም ሆነ ከሌላ አገር፣ ውጭ የተወለዱ ልጆች ይዛችሁ የምትመለሱ እናቶች የእኔን ስህተት እንዳትደግሙት ብዬ ነው የምጽፈው።

ካርቱም ውስጥ ጀሪፍ የሚባል ሰፈር አሥራ ሁለት ዓመት ኖሬያለሁ። መንገድ ዳር ሻይና ቡና እሸጥ ነበር። ባለቤቴ የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ እዚያው ሰፈር ትንሽ ሱቅ ነበረችው። ሁለቱም ልጆቻችን የተወለዱት እዚያ ነው። ስንወጣ ወንዱ አሥር ዓመቱ ነበር፣ ሴቷ ሰባት። ጎረቤቱ ሱዳን፣ ትምህርቱም ጨዋታውም በአረብኛ። እኔና አባታቸው በአማርኛ ስናወራ ይሰማሉ፤ ሲመልሱልን ግን በአረብኛ ነው። «አገራችን ስንገባ በሁለት ወር ይለምዱታል» እያልን ተውነው። ውጭ ያላችሁ እናቶች፣ ይህን እንዳትተዉት አደራ። በቀን ግማሽ ሰዓትም ቢሆን ፊደሉን አስቆጥሯቸው። የምትመለሱበትን ቀን የምትወስኑት እናንተ ላትሆኑ ትችላላችሁ።

እኛም አልወሰንንም። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ቅዳሜ ጠዋት ተኩስ ተጀመረ። ረመዷን ሊያልቅ ሳምንት አልቀረውም፤ ለዒድ የልጆች ልብስ ገዝቼ አስቀምጫለሁ። ለክርስቲያን ጎረቤቶቻችን ደግሞ የፋሲካ ዋዜማ ነበር። ግቢ ውስጥ የታሰሩት ዶሮዎች ሳይታረዱ ቀሩ። የመንግሥት ጦርና ፈጥኖ ደራሽ የሚባለው ኃይል ከተማው መሃል ይዋጋሉ፤ ከላይ አውሮፕላን ይደበድባል። ሁለት ሳምንት አልጋ ሥር አደርን። ከዚያ ወድ መደኒ ወጣንና አንድ ወር ከምናምን ቆየን። ባለቤቴ «የተበደሩኝን ልሰብስብ፣ እናንተ ቅደሙ» አለ። ገዳሪፍ፣ ጋላባት፣ መተማ። ስለ መንገዱ ከዚህ በላይ አልጽፍም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ። ከቤት ስወጣ ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት ልብስ፣ ትንሽ ወርቅና የሠርጌን ፎቶ ነበር። የልጆቹ የልደት ወረቀትና የትምህርት ቤት ካርድ ቁም ሳጥን ውስጥ ቀረ። ወርቁ ጎንደር ሳንደርስ አለቀ። ወረቀቶቹን ግን እስከ ዛሬ እፈልጋቸዋለሁ። ሰላም በሆነ ቀን ፎቶ አንሷቸው። ስልክ ይጠፋል፣ ይነጠቃል፤ ስለዚህ ሌላ አገር ላለ ዘመድም ላኩት። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ከጎንደር በደብረ ታቦር፣ በጋሸና፣ በወልዲያ አድርገን ሰኔ ላይ ደሴ ገባን። አረፋ ሊደርስ ጥቂት ቀን ነው የቀረው። ካርቱም ከባሕር ጠለል በላይ 380 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ። ቁጥሩን በኋላ ነው ያወቅሁት። ያኔ የማውቀው የልጆቼ ከንፈር ሲደርቅና ጣታቸው ሲጠቁር ማየቴን ብቻ ነው። የጦሳ ተራራ በጉም ተሸፍኖ ሦስት ቀን ሙሉ አልታየም። ልጄ መስኮቱን እያየች «ፀሐይ የለም እዚህ?» አለችኝ፣ በአረብኛ።

የቅዝቃዜው ነገር ሊገድለን ነበር። አንድ ማታ ከሰል አቀጣጥዬ መኝታ ክፍል አስገባሁ፤ ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩንና መስኮቱን ዘጋሁ። ሌሊት ልጄ ታስታውካለች፤ ልነሳ ስል እግሬ አልታዘዝ አለኝ። እማዬ ለሱብሒ ተነስታ በሩን ባትከፍተው ኖሮ አላውቅም። የከሰል ጭስ ባይታይም መርዝ አለው። ከቆላ አገር የመጣችሁ እናቶች፣ ከሰል ይዛችሁ አትተኙ። ብርድ ልብስ ደርቡ፣ ካልሲ አድርጉላቸው፣ አብራችሁ ተቃቅፋችሁ ተኙ።

ዘመድ አዝማድ መጣ። «ከውጭ የመጣች» ናችሁ ስትባሉ ባዶ እጅ መሆን ያሳፍራል። በእጄ የቀረችኝን ገንዘብ ለአረፋ በግ፣ ለአክስት ልጅ ልብስ፣ ለማን ለማን ምንምን እያልኩ በሦስት ሳምንት ጨረስኳት። ማንም አስገድዶኝ አይደለም። እዚያ ብዙ ዓመት ለፍቼ በባዶዬ ተመለስኩ ላለማለት ነው። ያች ገንዘብ የሦስት ወር የቤት ኪራይ ትሆን ነበር። ለዘመድ እውነቱን ንገሩት፤ «ነፍሴን ይዤ ነው የወጣሁት» በሉ። እኔ ከጨረስኩ በኋላ ስናገር ያዘነልኝ እንጂ የታዘበኝ አልነበረም።

አሁን ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ።

የሰፈር ልጆች ልጆቼን «ሱዳኖቹ» ማለት ጀመሩ። ክፋት አልነበረውም፣ ልጆች ናቸው። እኔ ግን ነደደኝ። ያን ዕለት ማታ ሁለቱንም አስቀምጬ «ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ቤት አረብኛ አይወራም» አልኳቸው። ሲሳሳቱ እቆጣለሁ። ውኃ በአረብኛ ሲጠይቁኝ እንዳልሰማሁ እሆናለሁ። በሳምንት ውስጥ ሴቷ ጥቂት ቃል ያዘች። ወንዱ ዝም አለ። ዝምታውን ጨዋነት መሰለኝ። «እንዴት ያለ ረጋ ያለ ልጅ ነው» ይላሉ ሰዎች፤ እኔም ደስ ይለኛል። ልጄ የረጋ ልጅ አልነበረም። ጀሪፍ እያለ ከኳስ ሜዳ ጎትቼ የማስገባው ልጅ ነው።

ሐምሌ ላይ ደሴ ነጎድጓድ ሲጀምር እንዴት እንደሆነ ታውቁታላችሁ። ቆርቆሮው ይንቀጠቀጣል። አንድ ሌሊት ልጆቹን አልጋቸው ላይ አጣኋቸው። ሁለቱም አልጋ ሥር ገብተዋል፤ ወንዱ የእህቱን ጆሮ በሁለት እጁ ደፍኖላታል። እኔ ተቆጣሁ። «ዝናብ እኮ ነው፣ ውጡ!» ብዬ እግሩን ይዤ ጎተትኩት። እማዬ እጄን ያዘችኝ። ጋቢዋን መሬት ላይ አነጠፈችና ከአልጋው ጎን ተጋደመች። እጇን ወደ ውስጥ ሰደደች። «አብሽር ሆዴ፣ አብሽር» አለችው። ሌላው አማርኛ ባይገባው ይህችን ቃል ያውቃታል፤ አረብኛም ናትና። ቆይቶ እጇን ያዘ። እንደዚያው ሆነው ነጋ።

ጠዋት ቡና እያፈላች ነገረችኝ። በ2014 ጥቅምት መጨረሻ ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የጎረቤት ልጆች ሰብስባ እዚያው አልጋ ሥር አድራለች። እኔ ያኔ ካርቱም ሆኜ በስልክ ሳለቅስ ነበር፤ ይህን ግን አልነገረችኝም። «ማንም ጎትቶ አላወጣን። ድምፁ ሲቆም ራሳችን ወጣን» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ነጎድጓድ ሲመጣ ፍራሹን መሬት አወርደዋለሁ። አብረን እንጋደማለን። መብረቁ በርቶ ድምፁ እስኪመጣ እንቆጥራለን። በመስከረም መጨረሻ ሴቷ መቁጠሯን ትታ ትተኛ ነበር።

የልጅ ፍርሃት በተግሣጽ አይወጣም። እንቅልፍ የሚያጣ፣ የሚጮህ፣ ትልቅ ሆኖ አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ ካላችሁ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት፤ ሆስፒታል ውስጥ የአእምሮ ጤና ክፍል አለ። እኔ «ሰው ምን ይላል» ብዬ ስድስት ወር አዘገየሁት። ስሄድ ባለሙያው ያደረገው ነገር ልጄን ሥዕል ማሳል ነበር። የሳለው አውሮፕላን ነው። እንደ አጋጣሚ፣ የባለቤቴን እናት ለመጠየቅ ኮምቦልቻ በወረድን ቁጥር ልጆቹ አውሮፕላን ሲያርፍ ሲሰሙ መሬት ላይ ቁጢጥ ይሉ ነበር። ባለሙያው ምክር ሰጠኝ፤ አንድ ቀን ኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ወስጄ ተሳፋሪው ሲወጣ አሳየኋቸው። ሻንጣ የሚጎትት፣ አበባ ይዞ የሚጠብቅ፣ ልጅ የሚያቅፍ። ሴቷ «ቦምቡስ?» አለች። «ይኼኛው ሰው ብቻ ነው የሚጭነው» አልኳት። ያን ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ጊዜ እጇን አውለበለበች።

ስለ ወረቀት ጉዳይ በአጭሩ። ቀበሌ ስሄድ የልጆቹን የልደት ዘመን እዚያ እንደለመድኩት በፈረንጅ አቆጣጠር ሞላሁ። የሴቷን 2016 ብዬ ጻፍኩ። እኛ ገና 2015 ላይ ነን፤ በወረቀቱ መሠረት ልጄ አልተወለደችም። ቅጹ ተመለሰ፤ ሌላ ሳምንት ሄደ። ቀኑን ቤታችሁ ሆናችሁ ወደ እኛ አቆጣጠር ገልብጣችሁ ሂዱ፤ በሁሉም ወረቀት ላይ ያው ቀን፣ ያው የስም አጻጻፍ ይሁን። አንዱ ላይ «መሐመድ» ሌላው ላይ «ሙሐመድ» ከሆነ ሌላ ጣጣ ነው። ሦስት የሚያውቋችሁ ምስክሮች ቀድማችሁ ለምኑ። ፋይዳ ላይም ለመመዝገብ አትዘግዩ፤ አሁን በየቦታው ይጠየቃል። መተማ ላይ የተሰጣችሁን ማንኛውንም ወረቀት፣ ብጣሽም ብትሆን፣ አትጣሉ። ለእኔ ከየት እንደመጣሁ ያስረዳችልኝ እሷ ናት።

መስከረም 2016 ትምህርት ተጀመረ። ለወንዱ ትምህርት ቤቱ ዝቅ ያለ ክፍል ሊሰጠው ነበር። እኔ እምቢ አልኩ። «ልጄ ሰነፍ አይደለም፣ አራተኛ ክፍል ይግባ» ብዬ ተከራከርኩ። ገባ። ኅዳር ላይ መምህሯ አስጠሩኝ። በጣም ጨዋ ሴት ናቸው። «ልጁ ደብተሩን ከኋላ ይጀምራል፤ መቀለዱ መስሎኝ ነበር» አሉኝ። የአረብኛ ደብተር የሚከፈተው ከቀኝ ነው። ይህን ለምን አስቀድሜ አልነገርኳቸውም? ልጄ ከየት እንደመጣ መደበቅ ስለፈለግሁ ነዋ።

ከዚያ የሒሳብ ደብተሩን አወጡ። በሙሉ ኤክስ ነው። ሳየው ልቤ ወረደ። እንደገና ቀረብ አድርጌ አየሁት። ሰባት ሲደመር ስምንት ይላል፤ መልሱ አንድና ክብ። መምህሯ አሥር ብለው አንብበውታል። ሱዳን ውስጥ ግን ክቧ አምስት ናት። ዜሮ ነጥብ ናት። ስድስታቸው የእኛን ሰባት ትመስላለች። አሥራ ሁለት ዓመት የሻይ ሒሳብ የጻፍኩበት ቁጥር ነው። ገጹን እያገላበጥኩ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። ከሃያው ጥያቄ አሥራ ዘጠኙ ትክክል ነው። መምህሯ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቀሩ። እኔ እዚያው ወንበር ላይ አለቀስኩ። ልጄ ሦስት ወር ሙሉ ትክክለኛ መልስ እየጻፈ ኤክስ ይቀበል ነበር፤ ለማስረዳት ደግሞ ያለውን ቋንቋ ከልክዬዋለሁ።

መምህሯ በማግሥቱ ሁለቱን ዓይነት ቁጥር ጎን ለጎን ጽፈው ሰጡት። ቦታውንም ቀየሩለት፤ መድረሳ ከሚሄድ ልጅ ጋር አስቀመጡት። ልጁ የአረብ ፊደል ያነባል፣ ትርጉሙን ግን አያውቅም። የእኔ ልጅ ትርጉሙን ይነግረዋል፣ እሱ ፊደል ያስቆጥረዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ መድረሳ አብረው መሄድ ጀመሩ። እዚያ ደግሞ ልጄን ኡስታዙ ራሳቸው እያስነሱ ያስነብቡት ነበር። እኔ ያፈርኩበትን ነገር ደሴ አከበረችለት።

ያን ማታ እገዳዬን አነሳሁ። ይቅርታ ጠየቅኋቸው፣ በአረብኛ። ከዚያ አንድ ጨዋታ ጀመርን፤ በሁለቱም ቋንቋ የሚመሳሰል ቃል መፈለግ። ሱቅ፣ ሻይ፣ ቡና፣ ኩባያ፣ ብርቱካን፣ በረካ። እማዬ ሦስተኛውን ቡና ስትቀዳ «በረካ ነው» ስትል ሴቷ ዘላ ተነሳች። ግድግዳው ላይ በለጠፍነው ወረቀት በጥር ወር ከመቶ በላይ ቃል ነበር። ወንዱ ቃል ባገኘ ቁጥር ያወራል። እማዬን «ሀቦባ» ነው የሚሏት፣ ሱዳን አያት የሚባለው እንደዚያ ነው። እኔ «እማማ በሉ» ስል ከርሜ ነበር። እሷ ግን ስሙን ወድዳዋለች፤ አሁን የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ሀቦባ ይላታል።

ምግቡም እንደዚያው ነው። የጤፍ እንጀራ ይጎመዝዛቸው ነበር። የማሽላ ዱቄት ገዝቼ አሳስቼ ጋገርኩላቸው፤ የለመዱት የሱዳን ቂጣ፣ ኪስራ፣ ሆነ ማለት ነው። ወሎ ማሽላ ሞልቶ ለምን ያን ያህል ጊዜ እንዳስራብኳቸው አላውቅም። ቀስ እያልኩ ጤፍ ቀላቀልኩበት።

የስልኩ ነገር ሌላ ፈተና ነበር። ከሐምሌ 2015 መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ ለወራትም አልተመለሰም። ባለቤቴን የማገኘው በዋትስአፕና በኢሞ ነበር። መላ ያገኘንለት በአዲስ አበባ ባለች እህቱ በኩል ነው። እሱ ድምፁን ቀርጾ ይልክላታል፤ እሷ በተራ ስልክ ትደውልልንና አንዱን ስልክ ከሌላው አፍ ላይ አስጠግታ ታሰማናለች። ልጆቹ ጆሯቸውን ለጥፈው ይሰማሉ። ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ ውስጥ የሚመጣ ይመስላል፤ ቢሆንም አባታቸው ነው። ኢንተርኔት የሚሠራበት ቦታ ያለ አንድ ሰው አስቀድማችሁ መካከለኛ አድርጉ፤ ቁጥሩንም በቃል ያዙት።

ታኅሣሥ 2016 ላይ ወድ መደኒ በፈጥኖ ደራሹ እጅ ወደቀች። ባለቤቴ እዚያው ነበር። ድምፁ ጠፋ። ከዚያ ሱዳን ውስጥ ራሱ ኔትወርኩ ተቋረጠ። ደሴ የቀይ መስቀል ጽሕፈት ቤት ሄጄ ስሙን አስመዘገብኩ። የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋሉ፤ ክፍያ የለውም። ሙሉ ስም፣ የእናት ስም፣ መጨረሻ የነበረበት ሰፈር፣ ፎቶ ይዛችሁ ሂዱ።

ለልጆቹ ግን እውነቱን አልነገርኳቸውም። «አባታችሁ ደህና ነው፣ መንገድ ላይ ነው፣ ዛሬ ነገ ይደርሳል» አልኩ። ለወንዱ ለብቻው ሌላም ጨመርኩበት፤ «እስከዚያ የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» አልኩት። አሥር ዓመት ሞልቶት አሥራ አንደኛውን የያዘ ልጅ ነው። ላበረታው ብዬ ነበር።

ጥር ላይ አንዲት እናት ቤት ድረስ መጡ። የቅሬያችን፣ ማለት የዕድራችን፣ አባል ናቸው፤ መናኸሪያ በር ላይ ቆሎ ይሸጣሉ። «ልጅሽ ታመመ እንዴ? ትምህርት ቤት አይሄድም? በየቀኑ መናኸሪያ አየዋለሁ» አሉኝ። ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ደብተሩን ይዞ ከቤት ይወጣል። ከዚያ መናኸሪያ ሄዶ ከወልዲያ አቅጣጫ የሚገባ አውቶቡስ ሁሉ በር ላይ ይቆማል። የሚወርደውን ሰው አንድ በአንድ ያያል። ዘጠኝ ቀን እንደዚያ አድርጓል። «ዛሬ ነገ» አላልኩትም? የቤቱ ወንድ አይደለም? ታዲያ አባቱን ማን ይቀበለው?

ሄጄ ጥግ ላይ ቆሜ አየሁት። አንድ አውቶቡስ ገባ። ልጄ በእግሩ ጫፍ ቆመ። ሰዉ ወርዶ አለቀ፤ ረዳቱ በሩን ዘጋ። ልጄ ወደ ቦታው ተመልሶ ቦርሳው ላይ ተቀመጠ። አልተቆጣሁም። አጠገቡ ተቀመጥኩና ቆሎ ገዛሁ። «አባትህ የት እንዳለ አላውቅም» አልኩት። «ዋሽቼሃለሁ። ስሙን ቀይ መስቀል ይዞታል፤ ወሬ ስሰማ መጥፎም ቢሆን ለአንተ በዚያው ቀን እነግርሃለሁ።» ብዙ ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ታዲያ እኔ ትምህርት ቤት ልሂድ?» አለኝ። እኔን የሰበረኝ ይህ ጥያቄ ነው። ፈቃድ ነበር የሚጠብቀው።

እህቶቼ፣ ልጅ የማታውቁትን ነገር «አላውቅም» ብትሉት ይችለዋል። ተስፋ ስትሰጡት ግን ቃላችሁን ቆጥሮ ይጠብቃል። «የቤቱ ወንድ አንተ ነህ» የምትለዋን ነገር ደግሞ ለማንም ልጅ አትበሉ። ለእኔ ሸክሙን ያቀለሉልኝ ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ቅሬ ውስጥ የገባሁት እማዬ ገፍታኝ ነበር። «ገንዘብ የለኝም» ስላት «ቅሬ የሚጠይቅሽ ሰውነትሽን ነው» አለችኝ። ለቅሶ ቤት ውኃ ስቀዳ፣ ሽንኩርት ስከትፍ ሰው አወቀኝ። የቡናና የሻይ ሥራዬን የጀመርኩትም በቅሬው ሴቶች እቁብ ነው፤ ተራቸውን ለቅቀው መጀመሪያ ላይ እንድወስድ አደረጉኝ። ካርቱም እንደለመድኩት ዝንጅብል አድርጌ ጀበና አፈላለሁ፤ በብርድ ቀን ሹፌሮች ይወዱታል።

መጋቢት 2016፣ ረመዷን ውስጥ፣ ለኢፍጣር ስንዘጋጅ ስልክ ጮኸ። ገዳሪፍ ነው። ድምፁን መጀመሪያ ያወቀችው ሴቷ ናት። ቃሌን ጠበቅሁ፤ የነገረኝን ሁሉ፣ መታሰሩንም መዘረፉንም፣ ለልጄ በዚያው ማታ ነገርኩት።

ባለቤቴ በፖርት ሱዳን በኩል ዞሮ አዲስ አበባ ገባ፤ ሐምሌ ላይ ደሴ ደረሰ። መናኸሪያ ስንሄድ ልጄ ክንዱ ላይ የአጎቱን ጃኬት አንጠልጥሏል። «ለምንህ ነው?» ስለው «ባባ ደሴን አያውቃትም በክረምት» አለኝ። አውቶቡሱ ገባ። የወረደው ሰው ከስቶ ሸሚዝ ብቻ ለብሷል። ልጄ ምንም ሳይናገር ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣለለት።

እዚህ ላይ ሁሉም ነገር የተስተካከለ እንዳይመስላችሁ። አባት ሲመለስ ሌላ ሥራ ይጀምራል፤ ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። ባለቤቴ የጠበቀው ሳንለያይ የሚያውቀውን ቤት ነው። እኛ ያለ እሱ መኖር ለምደናል። የቤቱ ቁልፍ በልጄ ኪስ ነው ያለው፤ የኪራይ ቀን የሚያስታውሰውም እሱ ነው። አባቱ ሲያዘው ያኮርፋል። አባቱ ደግሞ በትንሽ ድምፅ ይደነግጣል፤ ድንገት ይቆጣል። አንድ ወር ሙሉ እኔ መሃል ቆሜ ሁለቱንም ሳስታርቅ ነበር። የረዳን ነገር ቢኖር መቸኮላችንን መተዋችን ነው። ለባለቤቴ የዓመቱን ታሪክ ማታ ማታ ነገርኩት፤ የመናኸሪያውንም ጭምር። ሲሰማ ወጥቶ ውጭ ቆመ። በማግሥቱ ልጁን ብቻውን ይዞት ሰኞ ገበያ ወረደ። ምን እንደተባባሉ አልጠየቅሁም። ሲመለሱ ቁልፉ በአባቱ እጅ ነበር።

ካለፈው ዓመት ጀምሮ ኮምቦልቻ ነን። ሙቀቱ ለልጆቹ ይሻላል፤ የባለቤቴም ቤተሰብ እዚህ ነው። ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ብትሆን ነው፤ በሚኒባስ የሐረጎ ዳገትን ወጥተን በየሁለት ሳምንቱ ሀቦባን እናያለን። የልጁ የካርቱም ካርድ እስካሁን አልተገኘም፤ ትምህርት ቤቱ በፈተና መድቦታል። ሴቷ አማርኛ ስታወራ አሁን እዚህ የተወለደች ነው የምትመስለው። አረብኛዋ እንዳይጠፋ ደግሞ እኔ ራሴ ዓርብ ዓርብ አወራታለሁ።

ባለቤቴ ትንሽ ሱቅ ከፍቷል። የዱቤ ደብተሩን የሚይዘው አሁንም በለመደው የአረብ ቁጥር ነው፤ ሱቁ ውስጥ የሚያግዘው ሰው ግን የእኛን ቁጥር ብቻ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ ሱቁ ሲዘጋ ልጄ አጠገቡ ተቀምጦ ወደ ሌላ ደብተር ይገለብጥለታል። ትናንት ማታ እራት እያቀረብኩ ሰማኋቸው። «ባባ፣ ይቺ ዜሮ ናት አምስት?» አለው። «አምስት ናት» አለ አባቱ። ልጄ ጻፋትና ወደሚቀጥለው መስመር አለፈ።